የሰሌዳው አሳ

አባይነሽ ኮተቤ ወፍጮ ቤት የመጣችው ሽምብራ ልታስፈጭ ብቻ አልነበረም፤ ጆሮዋንም ይዛ ነው የመጣችው። የቀበሌው ክበብ፣ ዓርብ ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ለሚመጡ አርባ ጾመኛ እንግዶች የሽምብራ አሳ እንድትሠራ አዟታል። ከተሳካላት የክበቡ ወጥ ቤት ሥራ የእሷ ነው። ጣጣው፣ ሙያው የእሷ አለመሆኑ! ባለፈው በዓል ለክበቡ ወጡን የሠራችው የማርያምወርቅ ነበረች፤ ሳህኑን ይዛ አዳራሽ የገባችው ግን አባይነሽ። የቀበሌው ጓዶች «ጣት ያስቆረጥማል! የማን እጅ ነው?» ሲሉ፣ ምላሷ ቀደማትና «የእኔ» አለች። በማግስቱ የክበቡ ሰሌዳ ላይ «የአባይነሽ አሳ» ተብሎ ተጻፈ። ከዚያ ወዲህ ቤቷ ሁለት ጊዜ ሞከረች፤ ሁለቴም አሳው ድስት ውስጥ ሟሙቶ ሽሮ ሆነባትና ለልጆቿ አበላችው። ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

አሁን ታዲያ ሰልፉ ላይ ከፊቷ ማን ቆማለች? የማርያምወርቅ ራሷ! ከጎረቤቷ ከዲንቄ ጋር ታወጋለች። የወፍጮው ማዞሪያ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ወልቆ ቤቱ ጸጥ ስላለ፣ እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ይሰማል። የማርያምወርቅ ዞር ብላ አባይነሽን አላየችም፤ ከኋላዋ እንዳለች ለማወቅ ማየትም አላስፈለጋትም።

«እንዴት ከረምሽ ዲንቄ? ልጆቹስ? እሰይ። የእንጦጦ ብርድ እኮ አይጣል ነው፤ ቅጠል ለቅሜ ስወርድ እጄ ደንዝዞ... አንቺ ምን ልታስፈጪ ነው? ሽምብራ? ጎሽ። ሰሞኑን የሰፈራችን ልጆች ሽሮ በዛብን እያሉ ያማርራሉ አሉ። የማን ልጆች እንደሆኑ እንጃ...

«ስሚማ፣ የምግብ ስም ገርሞሽ አያውቅም? ዳቦ ቆሎን እዪው። ዳቦ ነው? አይደለም። ቆሎ ነው? እሱም አይደለም። የሽምብራ አሳስ? ወንዝ የት አውቆ! ቅርጹን አይተው አሳ አሉት፣ በዚያው ቀረ። ሰውም እንደዚያው ነው መሰለኝ። ሳህን ይዞ ሲገባ ያዩትን ባለሙያ ይሉታል... በዚያው ይቀራል።

«ኧረ እኔ ማንንም አላማሁም! እንዲያውም እሳቸውን ሳደንቅ ነው የምውለው። የሳህን አያያዛቸው! ጠብታ እንኳ አላፈሰሱም እኮ። እኔ ሽንኩርት ስልጥ ዓይኔ እንባ በእንባ፣ እሳቸው ነጠላቸውን እያስተካከሉ... ማማርስ እንዲያ ነው። መሠረተ ትምህርት መግባታችንም በጀን፤ ሰሌዳውን ሦስቴ አነበብኩት። የእኔ ስም ግን በየትኛው ፊደል ነው የሚጀምረው ዲንቄ? እሱን የተማራችሁ ዕለት ቀርቼ ነበር መሰለኝ...»

አባይነሽ ፊቷ ጋለ። እህሏን አንስታ ልትሄድ ቃጣት፤ ግን ዓርብ አለ። ንዴቷን ዋጥ አድርጋ ቆመች።

«ሥራውማ ምን አለው? ዱቄቱን ታቦኪያለሽ፣ ትዳምጪያለሽ፣ በአሳ ቅርጽ ትቆርጪያለሽ። ዋናው ነገር ከዚያ በኋላ ነው፤ ወደ ቁሌቱ ከመግባቱ በፊት። እዚህች ላይ የተሳሳተ ሰው...»

አባይነሽ ሳታውቀው አንድ እርምጃ ጠጋ አለች። ያን ጊዜ ቺንጋው ተመልሶ ገብቶ ወፍጮው ተነሣ። ድርርርር! የማርያምወርቅ አፏን የዲንቄ ጆሮ ላይ አስጠግታ ተናገረች፤ ደግሞም ረጅም አድርጋ ተናገረች። ዲንቄ «አሃ!» እያለች ራሷን ትነቀንቃለች። አባይነሽ ያየችው የከንፈር እንቅስቃሴ ብቻ ነው።

የማርያምወርቅ ተራዋ ደርሶ አስፈጨች። ወፍጮው ጋብ ሲል ዱቄቷን ተሸክማ በሩ ላይ ቆም አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብላ፣ ጥርሷ እስኪታይ ፈገግ አለች።

«ደህና ይዋሉ እመቤቴ። እጅዎ ይባረክ! ዓርብ ድስትዎ ይሙላ፣ እንግዳዎ ይጥገብ። ስምዎን ከሰሌዳው አያጥፋብዎ፤ አሳ የሚለው ቢፋቅ እንኳ የእርስዎ አይፋቅ፣ ከጎኑ ሽሮ ብለው ይጻፉልዎ። አሜን ይበሉ እንጂ!»