የመሪጌታ ጉድጓድና የጠፋው ጧፍ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ይህን ለስንቱ ተማሪ መክረውበታል፤ የዚያን ዓርብ ግን ለራሳቸው ረሱት። ክረምቱን ሙሉ ተከድኖ በከረመው የጓሯቸው የውሃ ጉድጓድ ውስጥ አዲሱ ባልዲያቸው ወድቋል። ሊያወጣላቸው የገባ አንድ ጎረቤት፣ ግማሽ ሳይደርስ ራሱን አዙሮት እየጮኸ ወጣ። «ጋኔን አለበት» አሉ መሪጌታ፤ ጠበል ይዘውም ቆሙ። ልጃቸው ዘሩ ገመዱን ወገቡ ላይ ያስር ጀመር።

በዚህ መሀል የጎረቤት ልጅ አምለሰት ከማንኩሳ ትምህርት ቤት ስትመለስ በአጥሩ በኩል አለፈች።

«እንደምን ዋሉ የኔታ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው ፊትሽ ጠቆረ?»

«አየር ሠርተን ነበር። የሙከራ ጽሑፌን መምህሩ መለሱብኝ።»

«ኧረ በሥላሴ! አየር ይሠራል እንዴ?»

መሪጌታ አዲስ ነገር ሲሰሙ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ናቸው፤ ጠበሉን ይዘው ወደ አጥሩ ቀረቡ። አምለሰት ግን ዓይኗ ገመዱ ላይ ቀረ።

«ዘሩ የት ሊገባ ነው? የኔታ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ! መጀመሪያ የበራ ጧፍ በገመድ እናውርድ።»

አወረዱ። ጧፉ ግማሽ መንገድ ላይ ድርግም አለ።

«አላልኩም! ጋኔን ብርሃን ሲወድ የት አየሽ?»

«ጋኔን ከሎሚና ከእንቁላል ቅርፊት ይሠራል እንዴ የኔታ? ዛሬ የሠራነው አየርም እሳት ያጠፋል።»

ልጅቱም ከጓሮው ሎሚ ቀጥፋ፣ ቅርፊት ወቅጣ፣ በባዶ የማር ጠርሙስ ጨመረችና ሎሚውን ጨመቀችበት። አረፋው ፍጭጭ አለ። ጥቂት ቆይታ የበራ ቁራጭ ጧፍ ብታስገባ ጠፋ። መሪጌታ ራሳቸው ለኩሰው ቢያስገቡም ጠፋ። ጥምጣማቸው ሊወድቅ እስኪደርስ ጎንበስ ብለው አዩና፣ «እስቲ ደረቅ ጠርሙስ አምጡልኝ» አሉ። በዚያኛው ጧፉ ቦግ ብሎ ነደደ።

«ይገርማል! ታዲያ ጽሑፍሽን ለምን መለሱት?»

«‹ምን ታየ› በሚለው ሥር ‹ካርቦን ዳይኦክሳይድ አየሁ› ብዬ ጻፍኩ። መምህሩ ‹አየሩማ አይታይም። ያየሽው አረፋና የጠፋ እሳት ነው፤ ስሙን በማጠቃለያው ጻፊ› አሉኝ።»

መሪጌታ ከት ብለው ሳቁ። «ንባቡን ከትርጓሜው ቀላቀልሽዋ! በእኛም ቤት ንባብ ሳይቀና ትርጓሜ አይሰማም።» ወዲያው ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። «እኔስ ምን አየሁ? ጧፍ ሲጠፋ አየሁ እንጂ ጋኔንማ አላየሁም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ማለት ለካ ለእኔ ነው!»

«ጠበሉስ አባቴ?» አለ ዘሩ ግራ ገብቶት።

«ጠበሉ ለነፍስህ ነው። ውረድ ያልኩህ እኔ ነኝ፤ ጠበሉ አይደለም። ፍታ ገመዱን!»

ባልዲው በገመድና በመንጠቆ ወጣ። የሚገርመው ይህን ቀድመው አለማሰባቸው ነው! አምለሰትም ይህ አየር ከባድ ስለሆነ በተከደነ ጉድጓድ እንደሚተኛ፣ ሽታ እንደሌለው፣ ጧፍ ቢበራ እንኳ ሙሉ መተማመኛ እንደማይሆን አስረዳች።

መሪጌታ የጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጡ።

«ታላቅ ወንድሜ ስመኘው» አሉ፣ «እህል ሊያወጣ ጉድጓድ ገብቶ ቀረ። ሊያወጣው የገባው ጓደኛውም ቀረ። ሀገሩ ሁሉ ጋኔን ጣላቸው አለ። እናቴ እስክትሞት ‹ልጄ ምን በድሎ ነው?› እያለች አለቀሰች።» እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ ሕዝቡን አስቁመው መከሩ፤ የተከደነ ጉድጓድ ውስጥ ሰው እንዳይገባ፣ የወደቀ ዕቃ በመንጠቆ እንዲወጣ፣ የወደቀን ሰው ለማውጣትም ማንም ተከትሎ ዘሎ እንዳይገባ፣ ከላይ በገመድ እንዲሳብ። ሰውም ሰማቸው። ዛሬ በዚያ መንደር መንጠቆ የሌለው ጉድጓድ የለም፤ ዘሩም ልጆቹን እያሳደገ ነው።

ያን እሑድ ምክሩን ሲጨርሱ ግን አልተቀመጡም። «አንድ ነገር ይቀረኛል» አሉ። «ወንድሜ ስመኘው ምንም አልበደለም። አየር አጥቶ ነው የሞተው።»