መቅደሱን ሳያፈርሱ

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ አርብ ጠዋት ቢቸና መናኸሪያ የሞጣውን ሚኒባስ ሲጠብቁ የጎረቤታቸው ልጅ ጸደንያ ደረሰችባቸው። ፍላሽ ዲስካቸውን በመሐረብ ጠቅልለው በደረት ኪሳቸው እንደ ክታብ ይዘውታል።

«ጋሼ፣ ዛሬም ሞጣ?»

«ምን ላድርግ ልጄ! የገበሬዎች ማኅበሩ ፕሮግራም ላይ ሁለት መስመር አርሜያለሁ። ፕሮግራሙን አቅፎ የሚያሠራው፣ ኮንቴይነር የሚባለው ሶፍትዌር ያለው ሞጣ፣ በማኅበሩ ዋና ኮምፒውተር በሰርቨሩ ላይ ነው። እዚያ ካልጫንኩት መሥራቱን በምን አውቃለሁ?»

ለሁለት መስመር በደብረ ወርቅ ዞሮ ሞጣ ድረስ! ሰውየው ግን በሙያቸው የሚናቁ አይደሉም። ገበሬው ምርጥ ዘር የሚረከብበትን ፕሮግራም ጃቫ በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፉት እሳቸው ናቸው፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት አገልግሏል። ባለፈው ሳምንት ግን አንዱን ኩንታል ለሁለት ገበሬ መዝግቦ ተገኘ። ሰኞ ዕደላው ሳይጀመር ካልታረመ ማኅበሩ ጥሎት ሌላ ሊገዛ ቆርጧል። ኮምፒውተር የተማረችውን ጸደንያንም የቀጠረው ለዚሁ እርማት ነው።

«ልፋቴን ልታፈርሽው መጣሽ አሉ።»

«ኧረ አንድም መስመር አልጥልም! የኮንቴይነሩን ቅጂ እንዳለ ስፕሪንግ በሚባለው ማዕቀፍ ውስጥ በላፕቶፔ ላይ ላስነሳው ነው።»

«ጎታ በጎታ ውስጥ! ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩሽ ይህንን ነው?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ዲያቆን ነበሩ። ቄሱ በቅዳሴ መካከል ጽና ፍለጋ ዕቃ ቤት ይሄዳሉ?»

«ምን ሲሉ? ዲያቆኑ ያቀብላቸዋል እንጂ።»

«ስፕሪንግም ሥራው ማቀበል ነው። የእርስዎ ፕሮግራም ዳታቤዙን ራሱ ዞሮ ይፈልጋል፤ ከሞጣ ሌላ አያገኘውም። አሁን በእጁ እናቀብለዋለን፤ እዚህ የመሞከሪያውን፣ ሞጣ ሲደርስ እውነተኛውን።»

«ጥበቃውስ? ሥራ መሃል ላይ ሲሰናከል ሁሉን ወደ ነበረበት የሚመልሰው እኮ ኮንቴይነሩ ነው።»

«እሱንማ ማን ይነካዋል! ቤተ ክርስቲያናችን ክብ አይደለች? ቅኔ ማኅሌቱ ቅድስቱን፣ ቅድስቱ መቅደሱን ያቅፋል። መቅደሱ ስለታቀፈ ሥርዓቱ ጎደለ?»

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ፍላሹን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ለጸደንያ ሰጧት። ተሸነፉ ቢሏቸው ግን ይቆጣሉ። ሚኒባሱ ጥሏቸው ሄደ።

ቅዳሜ የኮንቴይነሩ ቅጂ በስፕሪንግ ታቅፎ በጸደንያ ላፕቶፕ ላይ፣ በሽማግሌው ሳሎን ተነሣ። ሁለቱን መስመሮች ሞከሯቸው፤ ለካ ስህተቱ እንዳለ ነው! ኩንታሉ አሁንም ለሁለት ገበሬ ወጣ። ፍላሹን ይዘው ሄደው ቢሆን የሚያፍሩት ሞጣ ላይ ነበር። አረሙ፤ ሞከሩ፤ ደግመው አረሙ። እራት ሳይቀርብ ዐሥራ አራት ጊዜ ሆነ፤ በመኪና ቢሆን ዐሥራ አራት ቀን መሆኑ ነው። በመጨረሻ ፕሮግራሙ ለሁለተኛው ገበሬ «ይህ ኩንታል ተሰጥቷል» ብሎ እምቢ አለ።

«ይባርክሽ» አሉ ሽማግሌው፣ መነጽራቸውን እየወለወሉ። «እኔ አዲስ ነገር ሁሉ አሮጌውን ቀብሮ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።»

ሰርቨሩ ከኢንተርኔት ያልተያያዘ ነውና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሞጣ ወርደው ጫኑት። ሰኞ ገበሬው ተሰልፎ ዘሩን ተረከበ፤ አንድም ኩንታል ሁለት ባለቤት አላገኘም። ማኅበሩም አዲስ የመግዛቱን ነገር ተወው። ነባርን በአዲስ ማቀፍ የአዋቂ ሥራ ነው፤ ልፋት አይጠፋም፣ ስህተትም ሰው ፊት ሳይቆም በጓዳ ይታረማል።

ከሞጣ ሲመለሱ የሚኒባሱ ሾፌር «ጋሼ፣ ለረቡዕ እንደልማዱ የፊቱን ወንበር ልያዝልዎ?» አላቸው።

«ለሌላ ስጠው» አሉ አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ እግራቸውን ዘርግተው። «እኔን ከእንግዲህ ሞጣ የሚወስደኝ ሠርግና ለቅሶ ነው።»