የድርብ በር ድንጋዮች

ጎንደር፤ በጦርነቱ ጊዜ በቦምብ ግማሹ በፈረሰው ድርብ በር ሥር፣ ጡረታ የወጡት የታሪክ መምህርት ወይዘሮ አንጓች መተላለፊያው መሃል ወንበር ዘርግተው፣ ጃንጥላ ጥለው ተቀምጠዋል፤ የእድሳቱ ኃላፊ፣ የቀድሞ ተማሪያቸው ኢንጂነር እንየው ኮፍያውን እንዳደረገ ፊታቸው ቆሟል።

እንየው፦ ቲቸር፣ በማርያም ይነሡልኝ! ሲሚንቶው ከቦካ ቆየ እኮ።

አንጓች፦ ይጠብቅ። እኔም ጡረታዬን ስጠብቅ ነው ያረጀሁት።

እንየው፦ ሲሚንቶ እንደ ሰው አይጠብቅም። ይደርቃል።

አንጓች፦ ታዲያ ከሰው በምን ተለየ? እኔስ ምን የሆንኩ ይመስልሃል?

እንየው፦ ግንበኞቹ እየሳቁብኝ ነው። ከነወንበርዎ አንሥተው ጥላው ሥር ያስቀምጡዎት?

አንጓች፦ ይሞክሩዋ! ያንን ባለ ቀይ ሹራብ አስተምሬዋለሁ። ቢነካኝ ምን እንደሚከተለው ያውቃል።

እንየው፦ ለዚህ እኮ ነው ከአሸዋው ክምር ወዲህ አልመጣም ያለው። እሺ፣ ምን ይሁን ነው የሚሉት?

አንጓች፦ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ከመለስክ እነሣለሁ።

እንየው፦ ዛሬም ፈተና አለ?

አንጓች፦ ይህን በር ማን መታው?

እንየው፦ ጣሊያን ነዋ!

አንጓች፦ ዜሮ። ተቀመጥ።

እንየው፦ የት ነው የምቀመጠው?

አንጓች፦ አሸዋው ላይ። ጣሊያንማ የቤንዚን በርሜሉን ደርድሮ እዚሁ በሩ ውስጥ ነበር። የመታው፣ እሱን ሊያስወጣልን የመጣው የእንግሊዝ አውሮፕላን ነው። ነጻነት ከሰማይ ሲወርድልን ጣሪያችንን ይዞ ወረደ!

እንየው፦ እሺ፣ እንግሊዝ። ማንም ይምታው ማን፣ ያው ፈርሷል።

አንጓች፦ ያው አይደለም! ይሄ «ያው» የምትሉት ነገር ነው ደሜን የሚያፈላው! ግማሹ ፈረሰ፣ ግማሹ ቆመ። እናቴ እኔን የወለደችው በዚያ ቀን፣ በቆመው ግማሽ ሥር ተጠልላ ነው። ወዲያኛው ግማሽ ሥር ገብታ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሲሚንቶህን በሰላም ትለስን ነበር።

እንየው፦ ስምንተኛ ክፍልም ታሪክ አልወድቅም ነበር።

አንጓች፦ አፍህ አሁንም እንደ ልጅነትህ ነው። ደስ ይለኛል።

እንየው፦ ቲቸር፣ የምሬን ነው፤ እኔ የበሩ ጠላት አይደለሁም። ነገ አለቃዬ ይመጣል። የበሩ ቅስት አፉን እንደከፈተ ካገኘው «ለአላፊ አግዳሚ ያሰጋል» ብሎ በዶዘር ያስጠርገዋል። መንገዱ ይስፋልን የሚሉ ሰዎች ከኋላው ተሰልፈዋል። ዛሬ ከዘጋሁት በሩ ይተርፋል። የተቀመጡት በዕድሜው ላይ ነው።

አንጓች፦ በሲሚንቶ ዘግተህ ነው የምታተርፈው? ያንን ማዶ ግቢ ውስጥ ጣሊያን በሲሚንቶ የጠጋገነውን ግንብ አላየህም? እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ድንጋዩን ከውስጥ ሲበላው አልኖረም? ቦምብ የተወውን ጠጋኝ ጨረሰው! አፍራሽ ሲመጣ ቢያንስ እንጮሃለን። ለምረቃ በዓል የሚያድሰው ግን ሪባን ይዞ ይመጣል፣ እኛም ተሰልፈን እናጨበጭብለታለን። እናጨበጭባለን እንየው! በገዛ እጃችን!

እንየው፦ ግሩም ንግግር ነው። ሲሚንቶው ግን እየጠጠረ ነው። ኧረ ልጆች፣ ትንሽ ውሃ ጨምሩበት!

አንጓች፦ ውሃ? መጠጠር በጀመረ ሲሚንቶ ላይ? ይሄ ይቅር ብሎ የጻፈው ማን ነው? የመመረቂያ ጽሑፍህን አምጥተህ አሳርመኸኝ የለም እንዴ? ስለ ኖራ ግንብ ያንን ሁሉ ገጽ የጻፍከው ለማን ነው?

እንየው፦ ነጠላ ሰረዙን ብቻ ነው ያረሙልኝ።

አንጓች፦ ነጠላ ሰረዝህ እንደ ጤፍ ተበትኖ ነበር። ሐሳቡ ግን የማይነካ ነበር። አሁን የት ጣልከው?

እንየው፦ የትም አልጣልኩትም። ኖራ ጊዜ ይፈልጋል። ተነክሮ መክረም አለበት። አምና እርስዎ ጓሮ ጉድጓድ አስቆፍሬ አልነከርኩም? አለቃዬ «ሲሚንቶ እያለ ምን ኖራ ኖራ ትላለህ» ብሎ አስቆመኝ። ይሄኔ ደርቆ አለት ሆኗል።

አንጓች፦ ደረቀ ብሎ ማን ነገረህ?

እንየው፦ ታዲያ ማን ተንከባክቦት?

አንጓች፦ ጡረተኛ ነኝ። ጎመኔን ሳጠጣ ኖራህንም አጠጣለሁ። አሁን እርጎ መስሏል። ዶሮዎቼ እንዳይገቡበት ክዳኑ ላይ እሾህ ደርድሬበታለሁ።

እንየው፦ ቲቸር! ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?

አንጓች፦ መቼ ጠየቅከኝ? በመኪና ነው የምታልፈኝ። ያውም መስኮቱን ዘግተህ።

እንየው፦ አቧራው እኮ ነው... ይሁን፣ ኖራው አለ እንበል። ድንጋዩስ? የበሩ የተጠረበ ድንጋይ ስለሌለኝ እኮ ነው በኮንክሪት የምሞላው። ጣሊያን ለመንገድ ሥራ ወስዶታል።

አንጓች፦ መቼ?

እንየው፦ መቼ ማለት? ከፈረሰ በኋላ ነዋ።

አንጓች፦ ቦምቡ በወደቀ ሰሞን ጣሊያን እጁን ሰጥቶ ተሰልፎ ሄደ። መንገዱን መቼ ሠራው? እየተማረከ?

እንየው፦ ...ይሄንስ አላሰብኩትም። ግን እኔ ከኪሴ አላወጣሁትም። ቤት ለቤት ዞሬ ጠይቄያለሁ፣ ሁሉም ሰው «ጣሊያን ወሰደው» ነው ያለኝ። እናቴ ሳትቀር።

አንጓች፦ እናትህን እንዴት አድርገህ ነው የጠየቅካት?

እንየው፦ እንደማንኛውም ሰው።

አንጓች፦ ይሄን ኮፍያ አድርገህ? ሜትርህን ይዘህ? «የአካባቢው ነዋሪ በድንጋዩ ዙሪያ ያለው መረጃ ምንድን ነው» ብለህ?

እንየው፦ ሥራ ላይ ነበርኩ።

አንጓች፦ እሷም ሥራ ላይ ነበረች! ለመንግሥት የሚመለሰውን መለሰችልህ።

እንየው፦ እንዴት ነው ነገሩ?

አንጓች፦ ስማኝ። ጣሊያን በወጣ ማግሥት አንድ ሹም መጣ። የወደቀውን ድንጋይ አስጭኖ ለራሱ ቪላ ሊሠራበት። የሰፈሩ ሰው ቀደመው። በአህያ፣ በቃሬዛ፣ በጀርባው እያዘለ ድንጋዩን ቤቱ አስገባ። ሹሙ መኪናውን ይዞ ሲመጣ ባዶ ሜዳ ጠበቀው። «ጣሊያን ወሰደው» አሉት። ከዚያ ወዲህ ኮፍያ ያደረገ ሰው በጠየቀ ቁጥር መልሱ ይኸው ነው።

እንየው፦ ቆይ፣ ቆይ። ድንጋዩ ሰፈር ውስጥ ነው?

አንጓች፦ የአንዱ ቤት ደፍ ነው። የአንዱ በር ማስደገፊያ ነው። እኔ ልብስ የማጥብበትም እሱው ነው። ሽማግሌዎቹ ተማምለው ነው ያከፋፈሉት። በሩን እንደ ጥንቱ በኖራ ለሚሠራ ሰው ካልሆነ ላይሰጥ፣ አደራ ተብሎ።

እንየው፦ ይሄን ሁሉ ዘመን አንድ ሰው እንኳን አልተነፈሰም?

አንጓች፦ ለአንተም በጊዜው ሊነገርህ ነበር። ምን ይደረግ፣ ኢንጂነር ሆነህ መጣህ።

እንየው፦ እግዚኦ! እኔ ደግሞ «ጣሊያን ወሰደው» ብዬ ለአለቃዬ አስረድቻለሁ። ቢሆንም ቲቸር፣ ለነገ አይደርስም። ኖራ እስኪይዝ ስንት ጊዜ ይፈልጋል!

አንጓች፦ ይድረስ ማን አለህ? ቅስቱን በእንጨት ደግፈኸዋል፣ ቆሞ ይጠብቃል። ነገ አለቃህ ዶዘሩን አስከትሎ ሲመጣ ሰፈሩ በሙሉ ድንጋዩን አውጥቶ እዚህ ይጠብቀው። እንደ እኔ ያለች አሮጊት ድንጋይ አዝላ ፊቱ ቆማ «አፍርሱት» ይበል እስቲ! እስቲ ይበልዋ!

እንየው፦ አይልም። እሱን አውቀዋለሁ፣ አብሮ ተሸክሞ ፎቶ ይነሣል።

አንጓች፦ ይነሣ! ለፎቶ የምትሆን ቀለል ያለች ድንጋይ እንመርጥለታለን።

እንየው፦ ከተሸከመ በኋላ አፍርሱት ማለት አይችልማ... ቲቸር፣ እርስዎ ፖለቲካ ነበር ማስተማር የነበረብዎት።

አንጓች፦ ታሪክ ብለው የቀጠሩኝ እነሱ ናቸው።

እንየው፦ ግን አንድ ነገር ቀረ። የቅስቱ አናት ድንጋይ፣ መሃል ላይ ገብቶ ሁሉንም የሚይዘው። እሱ ከሌለ ሌላው ዝም ብሎ ክምር ነው። አለ?

አንጓች፦ አለ።

እንየው፦ ማን ቤት?

አንጓች፦ መጀመሪያ ሲሚንቶህን እየው።

እንየው፦ ውይ! ልጆች፣ አካፋው ምን ሆነ? አልነቀል አለ? ቲቸር... ሆን ብለው ነው! ፈተናው፣ ዜሮው፣ ነጠላ ሰረዙ፣ ሁሉም እስኪደርቅ ነው!

አንጓች፦ እንደ ሰው አይጠብቅም ብለህ የነገርከኝ አንተ ነህ። በል እጅህን ስጠኝ፣ ልነሣ። ጉልበቴ ይህን ያህል ስብሰባ አለመደም።

እንየው፦ ቀስ ይበሉ። ወንበሩን እኔ እይዛለሁ። ድንጋዩ ማን ቤት ነው? ይንገሩኝ እንጂ!

አንጓች፦ ደጃችሁ ላይ ያለው ጥቁር ድንጋይስ? አንተ እግርህን እያወዛወዝክ ሽምብራ ትቆረጥምበት የነበረው፣ እናትህ ፀሐይ የምትሞቅበት?

እንየው፦ እሱ... እሱ ላይ እኮ ነው ቁጭ ብላ «ጣሊያን ወሰደው» ያለችኝ!

አንጓች፦ እንግዲህ ሂድና ቀስ ብለህ አስነሣት። መጀመሪያ ግን ኮፍያህን አውልቅ።