ከነካርቶኑ
ከፌርፋክስ በተሳፈርኩበት አውቶቡስ ላይ አንዲት ወጣት ካርቶን ታቅፋ ከአንድ ሽማግሌ አጠገብ ተቀምጣለች።

«ምንድነው ልጄ?»

«ኦንላይን በጨረታ የሸጥኩት የድሮ ሬዲዮ ነው፣ ጋሼ። ከፖስታ ቤት ይዤው መመለሴ ነው።»

«ምነው?»

«መላኪያው ካሰብኩት በለጠ።»

«እስቲ አምጪው።» ብድግ አደረጉት። «ዘጠኝ ፓውንድ።»

«ወይኔ! ሚዛኑም ዘጠኝ ነው ያለው! እኔ ገዢውን ያስከፈልኩት የስድስት ፓውንድ ነው።»

«ሬዲዮውን ብቻ መዝነሽ?»

«አዎ፣ ካርቶኑን ረሳሁት። ቀለል ባለ ካርቶን አሽጌው የቀረውን ከኪሴ እሞላለሁ። ግን እርስዎ እንዴት አወቁ?»

«በርባንክ ኤርፖርት ሃያ ዓመት ሻንጣ ሎድ አድርጌያለሁ።»

«ሶ፣ ሌላ ዕቃ ስሸጥ መጀመሪያ ለእርስዎ ይዤ ልምጣ?»

«ነይ እንጂ። ግን ከነካርቶኑ!»

እኔም ጭኔ ላይ ያለውን ቦርሳ ቀስ ብዬ ከፍ አደረግኩት።