የጳጉሜን ስድስት ገጽ

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው፤ የነሐሴ ዝናብ የማተሚያ ቤቱን ቆርቆሮ ይደበድባል፤ ባለቤቷ ወይዘሮ የውብነሽና ለ2019 የቀን መቁጠሪያ «በዚህ ቀን» የሚለውን የታሪክ ማስታወሻ እንዲጽፉ ዘንድሮ የተቀጠሩት መምህር አስናቀ ባዶ በቀረችው የመጨረሻ ገጽ ላይ ይከራከራሉ።

የውብነሽ፦ እስከ ስድስት ሰዓት ካልሞሏት የፍራሽ ማስታወቂያ አስገባባታለሁ።

አስናቀ፦ ሦስት መቶ ስድሳ አምስት ቀን ታሪክ ስነግረው የከረምኩትን ሰው በመጨረሻው ተኛ ልበለው? ሽፋኑ ላይ እኮ ስሜ አለ።

የውብነሽ፦ ታዲያ ይሙሏት። ቺሊ ውስጥ መፈንቅለ መንግሥት ነበር አላሉኝም?

አስናቀ፦ ነበር፤ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር አሥራ አንድ። በዚያ ዓመት ግን የእኛ ጳጉሜን አምስት ቀን ብቻ ስለነበረች መስከረም አንድ ላይ ወደቀ። ስድስተኛዋ በአራት ዓመት አንዴ ብቅ ስለምትል ባለታሪኮቹ ይስቷታል።

የውብነሽ፦ አንድም ሰው አልቀናውም?

አስናቀ፦ የሶቭየቱ ክሩሽቼቭ በ1963 ሞተዋል። የሬጌው ፒተር ቶሽ በ1979 ተገድሏል።

የውብነሽ፦ ለዓውደ ዓመት ዋዜማ ሁለት ሬሳ። የማትመው የቀን መቁጠሪያ ነው ወይስ የዕድር መዝገብ? አንድ ደጃዝማች ከሌላ ደጃዝማች ጋር ተዋጋ ብለው ይጻፉ፤ መቼስ ያልተዋጉበት ቀን የለም።

አስናቀ፦ የትኛው ደጃዝማች?

የውብነሽ፦ ዘሩ ያለቀ።

አስናቀ፦ እኔ አልዋሽም።

የውብነሽ፦ እርስዎ? ያውም በጳጉሜን ስድስት?

አስናቀ፦ ምን ለማለት ነው?

የውብነሽ፦ በ1991 ጳጉሜን ስድስት፣ እዚሁ፣ የሰው የሠርግ ካርድ ስቆርጥ አንድ ጀማሪ አስተማሪ መጥቶ ላግባሽ አለኝ። ይህ ቀን ተመልሶ ሲመጣ መልሱን እነግርሃለሁ አልኩት።

አስናቀ፦ በጨዋ ደንብ እምቢ ማለትሽ መስሎኝ ነበር። የአራት ዓመት ቀጠሮ ለሰው ይሰጣል?

የውብነሽ፦ ዓይነ ውሃህን ለማየት ነው የሰጠሁህ። እመጣለሁ ያልከው አንተ ነህ።

አስናቀ፦ የአፍ ነገር ነው። አንቺም የረሳሽው መስሎኝ።

የውብነሽ፦ አልዋሽም ካልክ እንግዲህ እውነቱን ጻፍ፤ ስፍራው ይበቃል።

አስናቀ፦ ምን ብዬ?

የውብነሽ፦ ጳጉሜን 6 ቀን 1995 ዓ.ም. ይህ ማተሚያ ቤት እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ክፍት ነበር።