በደብተር የቀረ መልስ

የቤተ መጻሕፍት ሙያ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ይህን የምጽፈው አዋቂ ነኝ ብዬ አይደለም፤ ስለቆጨኝ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ከፊቴ የተሰለፈች ሴት አንገቴ ላይ ያንጠለጠልኩትን መታወቂያ አየችና «እዚያ ቤተ መጻሕፍት ነው የምትሠሪው?» አለችኝ።

«አዎ፣ የሥራ ልምምድ ላይ ነኝ» አልኳት፣ ትንሽ ኮራ ብዬ።

«እንግዲያው ለአለቃሽ ንገሪልኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት ሐኪሙ ልጄ መስማት እንደማይችል የነገረኝ ቀን፣ በቀጥታ ወደ እናንተ ነበር የመጣሁት። በእጅ መነጋገር የሚያስተምር መጽሐፍ አላችሁ ወይ ብዬ ደብተራችሁ ላይ ጻፍኩ። ወይ መልስ! ‹የለም› ማለት እንኳ እንዴት ያቅታል?»

አውቶቡሱ መጣ፤ ተጋፍታ ገባች። እኔ የሚቀጥለውን ጠበቅሁ።

አለቃዬ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። አንባቢዎቹ እሳቸው በሌሉበት «ጋሼ ጸጥታ» ይሏቸዋል፤ በእሳቸው አዳራሽ ሳል እንኳ ያለ ፈቃድ አይሳልም። በሩ አጠገብ በሲባጎ የታሰረ የጥያቄ ደብተር አለ። አንባቢ ጥያቄውን ይጽፋል፣ እሳቸው ከሥሩ ይመልሳሉ። የሴትዮዋን ወቀሳ ስነግራቸው ቱግ አሉ።

«እኔ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዲት ጥያቄ ያለ መልስ አልፌ አላውቅም!»

ከመሳቢያቸው ያረጁ ደብተሮች አወጡና እያገላበጡ ፈለጉ። ተገኘ። ጥያቄው በጥድፊያ ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው፣ «ክብርት ሆይ፣ መጽሐፉ አለ። ለይተን አስቀምጠንልዎታል፤ ይምጡና ይውሰዱ» ይላል። መልሱ የተጻፈው በሦስተኛው ቀን ነው። መጽሐፉም ከወንበራቸው ጀርባ ካለው መደርደሪያ ላይ፣ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል።

«አየሽ?» አሉኝ። «ያልመጣችው እሷ ናት።»

«መልስ እንዳለ በምን ታውቃለች ጋሼ?»

«ደብተሩን ገልጣ ታያለቻ!»

«ልጅ አዝላ፣ በየቀኑ እየተመላለሰች?»

ደብተሩን ከደኑት። እኔም እዚያ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት! ግን ተማሪ አይደለሁ? ከክፍል የቃረምኩትን ሁሉ ዘረገፍኩባቸው፤ ቤተ መጻሕፍት ቴሌግራም መክፈት አለበት፣ አንባቢ ባለበት መገኘት አለበት፣ ዘመኑ ተለውጧል እያልኩ።

«የኔ ልጅ፣» አሉኝ ተረጋግተው፣ «እኔም ስልክ አለኝ። የሰው ገመና እዚያ ላይ ሲዘከዘክ አያለሁ። እዚህ ቤት ገበያ አይደለም። ዝም አይነቅዝም።»

«ዝም ባይነቅዝ መጽሐፉ ነቀዘ እኮ ጋሼ።»

ፈገግ ሊሉ ምንም አልቀራቸው። «እሺ፣ ይቺ እናት የልጇን ነገር ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ትጽፈው ነበር? ሰው የሚያነበው ነገር ምስጢሩ ነው። እኔ ለገዛ ሚስቱ እንኳ አልናገርም።»

ይህን ማንም መምህር እንዲህ አድርጎ አላስረዳኝም። ስለዚህ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

«እውነትዎን ነው። ጥያቄው በውስጥ መስመር ይምጣ፣ መልሱም በውስጥ ይሂድ። በአደባባይ የሚወጣው የመጻሕፍቱ ዜና ብቻ ይሁን። ግን ሰው ‹እዚያ ቤት መልስ የለም› እያለ ሲያወራ እኛ እስከ ዛሬ አልሰማንም።»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አሉ። ደብተሩን ገጽ በገጽ ገለጡት። መልስ፣ መልስ፣ አሁንም መልስ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ለማን ነበር የምጽፈው?» አሉና አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ቀና አሉ። «በይ፣ ለዚችኛዋ እንኳ አሁኑኑ እንደውልላት። ስልኳን ስጪኝ።»

አልተቀበልኳትም ነበር! ሰውን ከሰው ስለማገናኘት ለትምህርቴ ሃያ ገጽ ጥናት የጻፍኩ እኔ፣ ከጎኔ የቆመችን እናት ስሟን እንኳ አልጠየቅሁም። እስከ ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

በዚያው ሳምንት የቴሌግራም ገጹን ከፈትን። «በደብተራችን ጠይቃችሁ መልስ ያልደረሳችሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልን» አልን። አንድ አናጺ ከአራት ዓመት በፊት የጠየቀውን መጽሐፍ በማግስቱ መጥቶ ወሰደ። ጡረታ የወጣች ነርስ የሕክምና መጻሕፍታችን ማርጀታቸውን ነግራን የተሻሉትን ጠቆመችን። ከቤት መውጣት የማይችል አንድ ሰው እህቱን ልኮ ማስዋስ ጀመረ። ጥቅሙ ይኸው ነው፦ የተጻፈ መልስ ጠያቂው ዘንድ ይደርሳል፣ አንባቢም ስሕተታችንን በጊዜ ይነግረናል። ለሙያ ጓደኞቼ የምለው ግን ገጽ መክፈት ብቻውን ሥራ አይደለም፤ በየቀኑ እያዩ መመለስ ነው ሥራው። ምስጢር መጠበቁን ደግሞ ከጋሼ ተማሩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ያቺ እናት ጻፈች። «ልጄ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገብቶ በእጁ መነጋገር ጀምሯል፤ እኔም ከእሱ እየተማርኩ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ግን ሲያለቅስ የቱ ጋ እንዳመመው ሳልጠይቀው ኖርኩ። መጽሐፉን ገና ለጀመረች እናት ስጡልኝ።»

ጋሼ ሁለት ጊዜ አነበቡትና መነጽራቸውን አወለቁ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ። መልስ ልጽፍላት ስል እጄን ያዙኝ።

«ተይ። ይቅርታውን የምጠይቀው እኔ ነኝ። ፊደሎቹ የት የት እንዳሉ ብቻ አሳዪኝ።»

በአንድ ጣት እየለቀሙ ጻፉ። ሁለት መስመር ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። ከላኩት በኋላም ስልኩን አልለቀቁም።

«አሁን ይሄ ደረሳት?»

«ደርሷታል ጋሼ። ይኸው ምልክቱ፣ አንብባዋለች።»

ሠላሳ ዓመት መልስ ሲጽፉ፣ መልሳቸው መነበቡን በዓይናቸው ያዩት ያን ቀን ነው። አለቀሱ።