ኤልፒ ፎር ይሻላል ያለው ማነው?

— ሄሎ? … አቤት። … አዎ፣ ዋቅቶላ ነኝ፣ ማን ልበል? … እ! ወንድም ሰሎሞን! ቁጥር ቀየርክ እንዴ? … የፍሮምሳ ስልክ ነው? የስቱዲዮው ልጅ? እሺ እሺ። ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነን። ሳምራም ደህና ናት፣ እዚሁ አጠገቤ ሽንኩርት ትከትፋለች። አያት ሰፈርን ታውቀው የለ፤ ዛሬ ውሃ መጥቶልን ቤቱ ሁሉ ባልዲ ሆኗል። … ሳምራ፣ ሰሎሞን ነው፣ የኳየሩ ሰብሳቢ። ሰላም ብሎሻል።

— እሺ፣ እናስ? የኳየሩ የሃያ አምስተኛ ዓመት አልበም ምን ላይ ደረሰ? የሶሬቲን መዝሙር ስንተኛ አደረጋችሁት? … መጨረሻ ላይ። ጥሩ ነው፣ መጨረሻ ላይ ያምራል። …

— ቆይ። ምን አልከኝ? … ከገመቺስ ዲስክ? የእኔን ትታችሁ ከገመቺስ ዲስክ ልትወስዱት? … ኧረ በጌታ! አትቀልድ ሰሎሞን።

— «በድምፅ ጥራት»? ኤልፒ ፎር ይሻላል ያለው ማነው? … ኮሚቴው! ኮሚቴው ጆሮ አለው እንዴ?

— አልጮህኩም። ሳምራ፣ ጮህኩ እንዴ? … ጮኸሃል አለች። እሺ ጮኼያለሁ፣ ልክም ነኝ!

— አይ፣ አንተ ስማኝ። እህቴ ናት። ሶሬቲ ወደ ጌታ ከሄደች ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው፣ ከእሷ የቀረኝ ድምፅ ያ አንድ መዝሙር ብቻ ነው። ራሷ የደረሰችው፣ አንድ ቀን ኳየሩ ለጸሎት ሲወጣ እንጦጦ ላይ የዘመረችው። ሌላ የለም! ያኔ እንደ ዛሬው ሁሉም ሰው ስልኩን መዥረጥ አድርጎ ይቀርጽ ነበር? … እና እሱን በተጨማደደ ድምፅ ለሕዝብ ልትሰጡት? የዛሬ ልጆች ሰምተው «ሶሬቲ ሶሬቲ የምትሏት ይቺ ናት?» እንዲሉ? በፍጹም።

— ምን? … ቆየኝ አንዴ፣ ሳምራ ዲስኩ ምንድነው ትለኛለች። … ሚኒዲስክ ይባላል። እንደ ሲዲ ነው፣ ግን ከመዳፍሽ አያልፍም፣ በፕላስቲክ ቤቱ ተዘግቶ ነው የሚኖረው። መቅጃው ኪስ ውስጥ ይገባል። እኔና ገመቺስ ነን በኳየሩ ውስጥ የነበረን። … አዎ፣ ቁም ሳጥኑ ላይ ያለው፣ ቤት በጠረግሽ ቁጥር «አንጣለው ወይ» የምትይኝ። … አንጥለውም!

— አለሁ። እና ምን ላይ ሆናችሁ ነው ያነጻጸራችሁት? … ስልክ ላይ? በቴሌግራም ተላልካችሁ? … የት ቁጭ ብላችሁ? … መገናኛ ጁስ ቤት! የታክሲ ረዳቱ በር ላይ «ኮተቤ! ኮተቤ!» እያለ፣ የአቮካዶ መፍጫው እያጓራ፣ እናንተ የድምፅ ጥራት ዳኛችሁ! … ጸልያችሁ? … ጸልያችሁ፣ ከዚያ እጅ አውጥታችሁ! ኧረ ጉድ ነው! ለዚህ ጸሎት ሳይሆን ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ነበር የሚያስፈልገው።

— ሄሎ? ትሰማኛለህ? … እንግዲያው በደንብ ስማ። መቅጃው ሦስት ዓይነት አቀዳድ አለው፤ የእኔ በኤስፒ፣ በሙሉ ድምፁ የተቀዳ ነው። ዲስኩ ቶሎ ይሞላል፣ እውነት ነው፣ ሰማንያ ደቂቃ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ድምፁን ግን አይሰስትም። ኤልፒ ቱ እጥፍ ይይዛል፣ ትንሽ ይሳሳል፣ እሱንም ለስብከት እሺ ልበልህ። ኤልፒ ፎር ግን አራት እጥፍ ልያዝ ብሎ ድምፁን ይበላዋል! ጭብጨባው ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ይሆናል። «ስ» እና «ሽ» ያለበት ቃል ሁሉ ይንጫጫል። አልቶና ሶፕራኖ፣ ወፍራሙና ቀጭኑ ድምፅ፣ ይደባለቅብሃል። ይሄ ነው የሚሻለው?

— «ጆሮ ይለምደዋል»? የማይመስል ነገር ለሚስትህ አትንገር ይላሉ፣ የኔዋ እዚህ ቁጭ ብላ ትሰማሃለች፣ እሷም አላመነችህም።

— ደግሞስ ገመቺስ ቀዳ ይባላል? መቅጃውን ባሕር ዛፍ ሥር ጥሎት ነው እኮ የሄደው! ያኔ እንጦጦ ላይ ፓርክ የለ፣ የብስክሌት መንገድ የለ፣ ጫካና ንፋስ ብቻ። ስብከቱንም ምሳውንም በአንድ ዲስክ ልጨርስ ብሎ ኤልፒ ፎር ላይ አደረገው፣ ከዚያ እየቀዳ እንዳለ ረሳው። ወደ ማታ አካባቢ «መቅጃዬን ያየ» እያለ ሲፈልግ አልነበር? እኔ ግን የጆሮ ማዳመጫዬን አድርጌ፣ ማይኩን በሹራቤ ጠቅልዬ፣ እጄ እስኪደነዝዝ ይዤ ነው የቀዳኋት። በሹራቤ! በዚያ ብርድ!

— አስታውስ እስቲ። በአንተ ቤት አይደል አንዱን መዝሙር በሦስቱም ቀድቼ፣ ዓይናችሁን አስጨፍኜ ያሰማኋችሁ? ማን ለየ? ሶሬቲ ብቻ! «የመጨረሻው ላይ አልቶዎቹ በር ተዘግቶባቸው ይዘምራሉ» ያለችው እሷ አይደለችም? … አንተስ ምን አልክ? … አስታውሳለሁ እኔ። «ሁሉም አንድ ነው» ነው ያልከው። ሁሉም አንድ ነው ያለ ጆሮ ከመቼ ወዲህ ነው ኤልፒ ፎር ከኤስፒ እንደሚሻል የሰማው?

— ሰሎሞን፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው። እኔ ጥራት ስልህ ትንተባተባለህ። ኮሚቴው ኤስፒን ከኤልፒ እንደማይለይ አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። ምንድነው ነገሩ? ገመቺስ ተቀየመ? … ታዲያ ምንድነው?

— የእኔ ይቆረጣል? አይቆረጥም! ከየት አመጣኸው? አዝማቹ ሦስት ጊዜ ይመለሳል፣ ከዚያ መዝሙሩ ያልቃል። ዲስኩም ያኔውኑ ሞላ። ልክ ስትጨርስ ነው የሞላው፣ ጌታ ነው ያደረሰልኝ እያልኩ ስንት ጊዜ መስክሬበታለሁ። … አዎ፣ ከዚያማ አዲስ ዲስክ ላመጣ ወደ ሚኒባሱ ወረድኩ፣ ታች አስፋልቱ ጋ ቆሞ ነበር። ስመለስ ሁላችሁም ተንበርክካችሁ ታለቅሳላችሁ። መንፈስ ነክቷቸዋል ብዬ እኔም አጠገባችሁ ተንበረከክኩ። ምን አለበት?

— … ምን አልክ? … «ገና አልጨረሰችም ነበር»? … አራተኛ ዙር የሚባል የለውም እኮ ነው የምልህ! እኔ ወንድሟ አላውቀው፣ አንተ … እንዴት? «አንተ እስክትሄድ ጠብቃ»? … ሰሎሞን፣ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ አንዴ አምልጦሃል፣ አሁን ጨርሰው።

— …

— ለእኔ እንዳትነግሩኝ ብላ? … ራሷ? … ማን ማን ያውቃል? … ኳየሩ ሁሉ? ጓደኛዋ ኢፍቱም? … ፓስተር ከበበም?! … እኔ ብቻ! እዚያ ጫካ ውስጥ ከነበረ ሰው ሁሉ እኔ ብቻ!

— ይሄን ልትነግረኝ ነው የደወልከው? ታዲያ እስካሁን ጥራት ጥራት የምትለኝ ምን ሆነህ ነው! … ፈራህ። ፈርተህ ኤልፒ ፎር ጀርባ ተደበቅክ!

— ሳምራ፣ እሳቱን አጥፊውና ነይ ቁጭ በይ። … አላውቅም። ቁጭ በይ ብቻ።

— የገመቺስን ዲስክ አሰማኝ። … አይ፣ አሁን። ስቱዲዮው ውስጥ አይደላችሁ? ስልኩን ስፒከሩ ሥር አድርገው። … ይሁን፣ በስልክም ይሁን፣ አሰማኝ!

— … እሰማለሁ። … ንፋሱ ነው። … ውሻ። … ይሄ የእኔ እግር ነው፣ ቅጠሉን እየረገጥኩ ስወርድ። …

— «ወረደ?» አለች። … እሷ ናት። …

— መልሰው፣ መልሰው፣ እዚህች ጋ በላት። «ሐኪሙ ልቤን አይቶ» ምን አለች? … አንዴ ደግሞ። … «ልብሽ ብዙ አይሄድም ብሎኛል።» … ብዙ አይሄድም። … ቀጥል።

— … «ለቶላ እንዳትነግሩት። ከሰማ ከኳየር ያስወጣኛል፣ አልጋ ላይ አስተኝቶ በር ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።» … አዎና! አደርገው ነበር! በሩን ቆልፌ ነበር የምቀመጠው! ምን ይሳቃል? ሳቃችሁ እኮ! ሁላችሁም ስትስቁ ይሰማል። …

— ቆይ፣ ዝም በል። … ትዘምራለች። …

— … «እኔ ዝም ስል ቤቱ ዝም እንዳይለው፣ ለወንድሜ ጆሮ ድምፅህን አሰማው።» …

— …

— አለሁ። … አለሁ አልኩህ!

— ይቅርታ? አሁን ይቅርታ ትለኛለህ? ሰው በጠየቀኝ ቁጥር «አንድም ቀን ሳትታመም በድንገት ሄደች» ስል አንተ አጠገቤ ቆመህ ራስህን ትነቀንቅ ነበር! ለቅሶው ላይ «ምነው አንድ ምልክት ባየሁ፣ ምነው ሐኪም ቤት በወሰድኳት» እያልኩ ደረቴን ስደቃ እጄን የያዝከው አንተ ነህ! ያን ጊዜ እንኳ ብትነግረኝ ምን ትሆን ነበር? ሐኪም ቤት ሄዳለች፣ አውቃለች፣ የፈለገችውን አድርጋለች ብትለኝ እኮ … እተኛ ነበር ሰሎሞን። ሌሊት እተኛ ነበር።

— ቃል አስገብታችሁ? እሺ፣ ለእሷ ቃላችሁን ጠበቃችሁ። ለእኔስ? እኔ ሰው አይደለሁም?

— … ቆይ። እስቲ ከመጀመሪያው። «ወረደ?» ስትል። … አሁን። «አዎ፣ ወርዷል፣ ንገሪን» ያለው ማነው? … አትንተባተብ። አንተ ነህ። … ኤልፒ ፎር አይደለም፣ በግድግዳ በኩል ቢመጣም ያንተን ድምፅ አላጣውም። ቁልቁል ስወርድ ከኋላዬ ቆመህ እያየኸኝ ነበር ማለት ነው። …

— አታልቅስብኝ! አንተ ምን ያስለቅስሃል! … ስንት ዓመትህ ነበር ያኔ? … እ። … ልጅ ነበርክ። ሁላችንም ልጆች ነበርን። … ይህን ያልኩት ይቅር ስላልኩህ እንዳይመስልህ።

— ከኋላ ማነው የሚያወራው? ፍሮምሳ ነው? ምን ይላል? … ንፋሱን አወጣዋለሁ? ድምፁን አጸዳዋለሁ? በለው እንዳይነካው! አንድ ነገር እንዳይነካ! ንፋሱም ይቆይ፣ ውሻውም ይቆይ፣ የእኔም እግር ይቆይ። …

— አልበሙ ላይ? … አስገቡት። ከነጨዋታዋ፣ ከነሳቃችሁ፣ እንዳለ። … አዎ፣ ከገመቺስ ዲስክ። ግን «በድምፅ ጥራቱ ተመርጦ» የሚል ነገር ሽፋኑ ላይ ባይ ከኮሚቴውም ከአንተም ጋር እጣላለሁ፣ ነግሬሃለሁ።

— አይ፣ አልበረደልኝም። ተቆጥቻለሁ፣ ነገም እቆጣለሁ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሳይህም ገና እቆጣለሁ። ኢፍቱንም ፓስተሩንም አልለቃቸውም። አሁን ግን አንተ ዝም በልና እሷን መልሰህ ክፈትልኝ። … ከመዝሙሩ። … አዎ፣ በስልክ። ግድ የለም።

— ሳምራ፣ ነይ ጠጋ በይ፣ ጆሮሽን እዚህ አድርጊ። … ሶሬቲ ናት። አንቺ እኮ አታውቂያትም። … ሽ … ጀመረች …

— …

— ሄሎ? … ሄሎ! … ሰሎሞን? … ሳምራ፣ የእኔ ካርድ የለውም፣ ስልክሽን አምጪው፣ ቶሎ በይ፣ እየዘመረች ነው የተቋረጠው!